ሜትር በላ ወይ?

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ «እሳቱ» ይሉኛል፣ እሱንም ከፊቴ ሳይሆን ከኋላዬ። እንግዲህ ምግብ እምቢ ያለው እባብ የወደቀው እንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ላይ ነው።

እባቡ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ካረፈች ወዲህ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እኛው ቤት ያደገች ናትና እኔና ባለቤቴ ልጃችን እንላታለን። እሷ አጎቴ ትለኛለች፤ አጎት የሚለው ቃል በእሷ አፍ ሲወጣ አባት ከሚለው ምን እንደሚያንስ እስካሁን አልገባኝም። የዛሬ ስድስት ዓመት ክንድ የማያህል፣ መርዝ የሌለው ትንሽ ዘንዶ ይዛ መጣች። ቡናማ ሆኖ ቢጫ ጣል ጣል ያለበት። ዛሬ አንድ ሜትር ከሃያ ነው።

ሜትር የሚለውን ስም ያወጣንለት በእኔ ጥፋት ነው። አንድ ቀን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋው ሱቄ ገባች። እኔ የደንበኛ ወገብ ልለካ ዓይኔን ከደብተሬ ሳላነሳ እጄን ሰደድኩ፤ መለኪያ ሜትሬ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ መስሎኝ ነበር። ያዝኩት። ሜትሩ ተንቀሳቀሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ ሜትሬን ባየሁ ቁጥር ስበረግግ ከረምኩ። ደንበኛውም ሱሪውን ሌላ ቦታ አሰፋ።

አሁን ልጃችን ሩቅ ናት። የባቡር ነጂዎች ማሠልጠኛ ገብታለች። ሦስት ዓመት አመልክታ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ በሦስተኛው ተቀብለዋት። ባቡር ስታይ ገና በልጅነቷ እጄን ትታ የምትሮጥ ልጅ ናት። የማሠልጠኛው ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ አንድ ቀን የቀረ፣ በዚያው የቀረ ነው። ስትሄድ ሜትርን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ማቀዝቀዣው በር ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ያለው ወረቀት ለጠፈችልን፣ ሁላችንንም ሳመች፣ ሄደች።

እሷ በሄደች በሳምንቷ ሜትር መብላት አቆመ።

ሰባት ሳምንት! እኔ ምሳ በግማሽ ሰዓት ከዘገየ ቤት የማምስ ሰው ነኝ፤ እሱ ሰባት ሳምንት። ሞቶ በማቀዝቀዣ የተቀመጠለትን አይጥ አሟሙቄ በመቆንጠጫ ይዤ ፊቱ ሳቀርብለት፣ አንገቱን ሰብስቦ ራሱን ከጥቅልሉ ሥር ይቀብራል። በነጋታው እንደገና አቀርባለሁ። እንደገና ይቀብራል። በየጊዜው በኩሽና ሚዛን ስንመዝነው ይቀንሳል። አከርካሪው ጎልቶ መታየት ጀመረ፤ ቆዳው ሰፊው ልኩን የሳተበት ልብስ መሰለ።

እውነቱን ለልጃችን መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። እሑድ ከሰዓት ደወልኩላት።

«ስንት ግራም ሆነ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«አጎቴ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሳ አንድ አውቶቡስ አለ። እስከዚያ ካልበላ እሳፈራለሁ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ተመልሼ አልደርስማ። መንገዱ አንድ ቀን ሙሉ ነው።»

«ልጄ፣ ለእባብ ብለሽ ባቡርሽን?»

«እኔ አምጥቼው እኔ ጥዬው በረሃብ ሲሞት፣ ባቡር ነዳሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ነው?» አለችና ዘጋችው። እሷ ያለችውን አታጥፍም፤ ይህን ከማን እንደወረሰች ባለቤቴ በየአጋጣሚው ትነግረኛለች።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ። ሜትርን አልወሰድኩም፤ ፎቶውን በስልኬ ይዤ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ እጅጌዋን የጠቀለለች፣ ስትናገር ጊዜ የማታባክን። የልቤን አገኘሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ምግብ በስንት ጊዜው ነው የሚያቀርቡለት?»

«በየቀኑ፣ ዶክተር።»

«እምቢ ሲል?»

«በማግስቱ እደግመዋለሁ። ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም።»

«ማን ነው ከቤቱ እያወጣ የሚይዘው?»

«ሁላችንም። ተራ አለን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «የት ነው የተቀመጠው?»

«ሱቄ ውስጥ። ልጃችን ስትሄድ ብቻውን ሆኖ እንዳይከፋው ብዬ ከመኪናዬ አጠገብ አደረግኩት። የስፌት መኪናዬ ማለቴ ነው። ሰው አይለየውም! የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አይዞህ ይለዋል፤ መስታወቱን መታ መታ ያደርግለታል። አማቴ ደግሞ...»

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ሜትር ጤነኛ በነበረበት ዘመን ስሙን እንኳ አይጠሩም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚሉት። ምግብ እንደተወ የሰሙ ቀን ግን ሁሉን ረሱት። አማቴ ያልበላ ፍጡር ማየት አይችሉም። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን መስታወቱ ፊት አስጠግተው «በሞቴ! አንዴ ብቻ! እኔን አፈር ያስበላኝ፣ ቅመስልኝ!» ይሉታል፤ ሲደክማቸው ባለቤቴ ትተካቸዋለች። ይህንን ሁሉ በኩራት ነገርኳት። የታመመ ሰው እንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ቢያገኝ በሦስተኛው ቀን ይነሳ ነበር።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ» አለችኝ። አሳረፍኩ። ከሥር በጣቷ አንጓ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው።

«ተሰማዎት?»

«ተሰማኝ።»

«እሱ ሙሉ ሰውነቱ መዳፍ ነው። የሚተኛው መሬቱ ላይ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚሰፉት?»

«አሥር» አልኩ። እጄን ከጠረጴዛው ለማንሳት አፈርኩ።

ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መደበቂያው ነዋ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ልጃችን የተወችለት የጫማ ሣጥን የማታህል ነገር ነበረች፤ እባቡ እንደ ካልሲ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባባት። አንጀቴን በላው። እሷን ጥዬ ይሄንን ሠራሁለት። ውስጡ ከፈይ ጨርቅ ነው።»

«በጣም ያምራል። ግን በጣም ሰፊ ነው።»

«የሰፊ ቤት ሰፊ ቢሆን ምን ይገርማል?»

እዚህ ላይ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «እባብ ቤቱ ሲሰፋ አይዝናናም፤ ይጋለጣል። ጎኑ ግድግዳውን፣ ጀርባው ጣሪያውን ካልነካ ተደብቄአለሁ አይልም። ልበላ ስወጣ ሌላ ይበላኛል ብሎ ይፈራል። የተናደደ መስሎዎት ነበር? ፈርቶ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ፈርቶ ነው።»

እኔ ስሰፋ፣ በተለይ የልጅ ልብስ ስሰፋ፣ ከልኩ አሳልፌ ነው የምቆርጠው። ነገ ያድጋል፣ ነገ ይወፍራል፤ ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ እተውለታለሁ። የሠላሳ ዓመት ሙያዬ ይኸው ነው። ለወደድኩት ሁሉ ማስፋት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

«እስከ ቅዳሜ ይበላል?»

«እባብን ቀን ቆርጦ የሚያዝ የለም። ግን ዛሬውኑ ከተዋችሁት፣ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ጊዜ ይሞክሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። አይጡን ያሳዩታል፣ ካልነካው እዚያው አስቀምጠው ይወጣሉ። በሩን ይዘጋሉ።»

«እስከዚያ ምን ላድርግለት?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም። አያዩትም፣ አይነኩትም፣ አያናግሩትም።»

በሕይወቴ እንዲህ የከበደ መድኃኒት ታዞልኝ አያውቅም። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ወረቀት ማንበብ ነው። በሄደች ዕለት ሦስቱን ነጥብ አንብቤ፣ ሦስት ያነበበ ሰው የቀረው ይገባዋል ብዬ ትቼው ነበር። አራተኛው «መደበቂያውን አትቀይሩበት፣ ጠባብ ነው የሚወደው» ይላል። አምስተኛው «አጎቴ፣ ሱቅ አታስገባው» ይላል። እኔኑ ጠርታ! ግንባሬን በመዳፌ መታሁ፤ ባለቤቴ ከኩሽና «ዝንብ ነው?» አለች።

«የእኔ ድድብና ነው። ተነሽ፣ ሥራ አለን!»

አሁን ምን እንደምሠራ ሳውቅ ጊዜ ደሜ ሞቀ። ከቤቱ ሁሉ የትኛው ጥግ ነው መኪናዬ ሲሠራ የማይነዝረው? ባለቤቴን መኪናው ላይ አስቀምጬ ፔዳሉን ርገጪ አልኳት። እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ በደረቴ መሬት ላይ ተኛሁ። ሳሎን፣ ውሃው ይርገበገባል። ኩሽና፣ ይርገበገባል። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ትንሽ። በደረቴ እየተሳብኩ፣ ብርጭቆዬን እየገፋሁ ሄድኩ።

«አሁን ማን ነው እባቡ?» ብላ ከሱቁ ጮኸች።

«ዝም ብለሽ ርገጪ!»

የመኝታ ቤታችን ጥግ ስደርስ ውሃው መስታወት ሆነ። ጸጥ። አንዲት ክብ እንኳ የለችበትም። «እዚህ ነው! እዚህ ነው!» ብዬ ተነሳሁና ጭንቅላቴን ከአልጋው ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። በዚያው ቀን ለእባብ መኝታ ቤት ለቀን፣ ፍራሻችንን ሳሎን አነጠፍን። ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ ብቻ «ለእናቴ እንኳ ሲመጡ አልጋውን አልለቀቅክም ነበር» አለች። ይህቺን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ።

የመስታወት ቤቱን ለሁለት ተሸክመን፣ ትንፋሻችንን ይዘን አስገባነው። ሦስቱን ጎን በጥቁር ጨርቅ ጋረድኩት። የሚያሞቀውን ንጣፍ ስፈትሽ ያ የኮራሁበት ሰፊ ቤት ላዩ ላይ ተቀምጦ ከፈዩ ሙቀቱን ውጦት ነበር፤ ሞቃት መሆን ያለበት ጎን ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። የቴርሞሜትሩን ሽቦ በበሩ ሥር አሳልፌ ንባቡን ኮሪደር ላይ ሰቀልኩት። ማታውን ሠላሳ ሁለት ገባ። ሠላሳ ሁለትን አይቼ የጨፈርኩትን ጭፈራ በሠርጌም አልጨፈርኩም።

የቀረው መደበቂያው ነው። የድሮዋን ሣጥን ጥያታለሁ። አዲስ መሥራት አለብኝ፣ በልኩ። ደንበኛን ሳይነኩ መለካት እንዴት ይቻላል? ለሌላ ሰፊ የሚያስቸግር ጥያቄ ነው። እኔ ግን የመስታወት ቤቱን ስናስገባ አይቼ ነበር፤ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ሜትር ተጠቅልሎ የተኛበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበረ፣ እንደ ሳህን ክብ። እሱ ሌላው ጥግ ተሸጉጦ ሳለ ሜትሬን አውርጄ ለካሁ። ሃያ ሁለት ሴንቲ ስፋት፣ ዘጠኝ ሴንቲ ጥልቀት። ልቤ እየመታ ነው የለካሁት፤ ሚኒስትር ስለካ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

ወፍራም ካርቶን ቆረጥኩ፣ ከካፖርት በተረፈ ጥቁር ጨርቅ ለበጥኩ። ስጨርስ ለካሁት፤ ሃያ ስምንት። እጄ ሳያማክረኝ ለማደጊያ ትቶለታል! ቀድጄ ጣልኩት። ሁለተኛውን ስጨርስ ሃያ አምስት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ እንደገና ቀደድኩ። ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አንተ እኮ ለራስህ ሱሪ ስትሰፋ እንኳ ለሆድህ ማደጊያ ትተዋለህ።»

«ይበቃል፣ አታስስቂኝ፣ እጄ ይስታል።»

ሦስተኛውን ስቆርጥ ትርፍ የምትተወዋን አውራ ጣቴን በሌላው እጄ ያዝኳት ብል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ሁለት! ድርቅ ያለ ሃያ ሁለት! አስቀምጬለት እጄን ሳብኩ፣ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃ ልቀይርለት አንዴ ገባሁ። ሜትር የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ የመደበቂያው ቀዳዳ ላይ አፍንጫው ብቻ ብቅ ብላ ትታያለች። ሙሉ አካሉ ውስጥ ነው፤ ሞልቶታል፣ ልክክ ብሎበታል። ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ እንደዚያ በልኩ የሆነ ልብስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ምንም ያለማድረግ ሥራ ተጀመረ።

አማቴ ነገሩን ስናስረዳቸው መጀመሪያ ተቀየሙ። «እኔ ነኝ ያሳመምኩት ማለት ነው?» አሉ። «እኔ ነኝ እማማ፣ እርስዎ የረዱኝ ብቻ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ፣ ተነሱ፣ ወንበራቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ተቀመጡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው አላሳለፉም። ዋና ጥፋተኛ የነበሩት ሴት ዋና ዘበኛ ሆኑ። የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ያባርሩታል። አንዱ «በላ ወይ?» ብሎ ሹክ ቢላቸው፣ «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ሸኙት።

ሐሙስ ዕለት አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት ላይ አማቴ ያንቀላፉ መስሎኝ በጣቴ ጫፍ ሄጄ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ዱላቸው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈች።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ሙቀቱን...»

«ሙቀቱ ግድግዳው ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ነው። ተመለስ።»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ እኔ ያን ቀን የነከስኩት የራሴን ከንፈር ነው። ተመልሼ አሥራ አራት የትምህርት ቤት ቀሚስ ሰፋሁ፤ ሁሉንም በልካቸው።

ቅዳሜ ሲደርስ ቤታችን ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም። አይጡን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ በረዶው ቀስ ብሎ እንዲለቀው አድርጌአለሁ፤ በሙቅ ውሃ ጭንቅላቱን ይበልጥ አሞቅኩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲሆን፣ መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ሲደበዝዝ፣ ገባሁ። ባለቤቴ በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረገችው። የአውቶቡሱ ሰዓት በጭንቅላቴ ይቆጥራል። ሃምሳ ደቂቃ።

መቆንጠጫውን በረጅሙ ይዤ አይጡን ከመደበቂያው ቀዳዳ ትንሽ ራቅ አድርጌ አሳየሁት። አፍንጫው ወጣ። ምላሱ ወጣ፣ ገባ። እንደገና ወጣ። ይህን ምላስ ሰባት ሳምንት አላየሁትም ነበር! ራሱ ወጣ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ታጠፈ፣ ሊወረወር እንደ ተዘጋጀ። ጉሮሮዬ ላይ «በሞቴ» የሚለው ቃል መጥቶ ተሰነቀረ። ዋጥኩት። አልዋጥ አለኝ፤ እንደገና ዋጥኩት። ሜትር አየ፣ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን መለሰና ገባ።

አንዴ ጠጋ ባደርግለትስ? አንዴ ብቻ? የሰባት ሳምንት እጄ ነው ይህን የሚለው። አይጡን ከቀዳዳው ፊት አስቀመጥኩ፣ መቆንጠጫውን ይዤ ወደ ኋላዬ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ካደረግኩት ሁሉ የከበደኝ ያ በር ነው።

ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ ቆምን። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል። ባለቤቴ ክንዴን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። አሥራ ሁለት ከሃያ። ከሃያ አምስት። ከሠላሳ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በልቤ አውቶቡሱ ላይ ሰው ሲሳፈር አያለሁ። ልጃችን ሻንጣዋን ስትሰጥ፣ መስኮት አጠገብ ስትቀመጥ፣ ሰኞ ጠዋት ማሠልጠኛው ውስጥ ስሟ ሲጠራ፣ አቤት የሚል ሲጠፋ።

አሥራ ሁለት ከሠላሳ ስምንት ላይ ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። «ጧ!» የመሰለ፣ ደረቅ፣ አጭር።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። በራሳቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ዘበኛዋ ፈቀዱልኝ። ተንበርክኬ ዓይኔን የቁልፍ ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ። ከዚያ ዓይኔ ለመደ። ሜትር ግማሽ ወጥቷል፣ አይጡ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። አፉ ይከፈታል፣ ይሰፋል፣ ይሰፋል! ጠበቅኩ። እግሬ ደነዘዘ። የአይጡ ጭንቅላት ገባ። ትከሻው ገባ። በመጨረሻ ከሜትር ከንፈር የቀረው እንደ ክር የቀጠነ የአይጥ ጅራት ብቻ ነበር።

ቀና አልኩና በአፌ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ «በላ» አልኩ።

መጮህ አይቻልም! ጩኸት ነው ያሳመመው! ባለቤቴ ደስታዋን የምታወጣበት ብታጣ ትከሻዬን ነከሰችኝ። አማቴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ቁልቁል እያደረጉ ያለ ድምፅ ጨፈሩ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔ በጣቴ ጫፍ ተራመድኩ፣ እነሱም ተከተሉኝ። የኮሪደሩን በር ዘጋን፣ የሱቁን በር ዘጋን፣ የመንገዱን ጥግ ዞርን። ከዚያ ጮኽን! ሦስታችንም ባንድ ጊዜ፣ ያለንን ያህል!

ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛው።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ሜትር በላ!»

«ሜትር በላ?» አለና ምላጩን ወደ ላይ አንስቶ እሱም ጮኸ። ባለ ሳሙናው ሰውዬ ሜትር ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን አብሮን ጮኸ።

አሥራ ሁለት ከሃምሳ ሁለት ሆኗል። ስልኬን አወጣሁ፣ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። በሦስተኛው፣ ሊቋረጥ ሲል፣ አነሳች። ከኋላዋ ሞተር ያጓራል፣ ሰው ይንጫጫል።

«በላ!» አልኩ። «በላ፣ በላ፣ በላ!»

ደስ ያላት አልመሰለኝም። «አጎቴ፣ እንዳልመጣ ብለህ ነው። አውቅሃለሁ።»

«ዓይኔ ይጥፋ! በቁልፍ ቀዳዳ አይቼዋለሁ፣ የአይጡ ጅራት ብቻ ነው የቀረው!»

«እንግዲያው ፎቶ ላክልኝ።»

«አልልክም።»

«ለምን?»

«በሩ ተዘግቷል።»

«ክፈተዋ!»

«አልከፍትም። አሁን ከረበሽነው ያስመልሰዋል። እስከ ማክሰኞ ማንም አይገባም፤ አንቺም ብትመጪ አላስገባሽም።»

የአውቶቡሱ ረዳት «ልንወጣ ነው፣ የቀራችሁ ግቡ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ባለቤቴና አማቴ ጆሮአቸውን ከስልኬ ጋር አጣብቀው ቆመዋል፤ ጸጉር አስተካካዩም ጭምር።

«ለፈተና ሳጠና፣ በላሽ ወይ፣ ብርድ ልብስ ላምጣልሽ ወይ እያልክ በየአሥር ደቂቃው በሬን ትከፍት የነበርከው አጎቴ ነህ?» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

«እኔው ነኝ።»

«አሁን በሩን ሳትከፍት ቀረህ? አንተ?»

«እኔ።»

«እውነትም በልቷል» አለች፤ ሳቋ ይሁን ልቅሶዋ አልለየሁትም፣ የራሴም አልለየልኝም። ከዚያ ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ያቺን ሰማያዊ ሻንጣ አውርድልኝ። አልሄድም፤ ሰኞ ባቡር አለብኝ» ስትለው ሰማሁ።